ደብዳቤውን "ያነበበችው" ልጅ፦ ከአንድ የማጠናከሪያ ክፍል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

እሁድ ማታ፣ ሳይጀመር

ነገ አዲስ ክፍል እይዛለሁ። አዲስ ማለትም ይከብዳል፣ ከሁለት ሴክሽን በንባብ ወደ ኋላ የቀሩትን ሰብስበው አንድ የማጠናከሪያ ክፍል አድርገውልኛል። ችግሩ ማንበብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሁለቱ ሴክሽኖች አይዋደዱም። ሌላ መምህር ሲያስተምራቸው ገብቼ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱ ወገን በመስኮት በኩል ተደርድሯል ሌላው በበር በኩል፣ መሀል ያለው ረድፍ ባዶ ነው። ለምንድነው ምትጣሉት ስትላቸው ሁለቱም ጋ ረጅም ታሪክ አለ፣ የሁለቱም ታሪክ ሚጀምረው "እነሱ ናቸው የጀመሩት" ብሎ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሰዋስውና "ባዶ ቦታውን ሙላ" ምናምን ለጊዜው ይቆይ፣ እነዚ ልጆች ባዶ ቦታ ሲሞሉ ነው የከረሙት፣ ምንም አልተሞላላቸውም። አጭር ልብወለድ ይዤ ልግባ፣ ራሳቸውን ሚያገኙበት፣ በዛውም ሁለቱ ወገኖች ከስድብ ሌላ ሚያወሩት ነገር ይኑራቸው።

ይሄ ሀሳብ የኔ ፈጠራ አይደለም። ብዙ ሰው ሚያውቃት ኤሪን ግሩዌል ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች አንድ ሃይስኩል ውስጥ ማስተማር ጀመረች፣ ተማሪዎቿ በዘርና በሰፈር ተከፋፍለው ሚጠላሉ ነበሩ፣ የአና ፍራንክን ማስታወሻ አስነበበቻቸው፣ ከዛ የራሳቸውን አስጻፈቻቸው፣ 150 ተማሪዎች የጻፉት በ1999 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፣ በ2007 ደግሞ ፊልም ተሠራበት። ፊልሙን ያየ መምህር ሁሉ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ይዞ ቢገባ ክፍሉ በሳምንት ሚለወጥ ይመስለዋል፣ እሱን ተዉት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፣ አና ፍራንክ እኮ በነዛ ልጆች ሰፈር አልኖረችም፣ አምስተርዳም ውስጥ በጦርነት ጊዜ የተደበቀች ልጅ ናት፣ ቋንቋዋም ዘመኗም ሌላ ነው። የተገናኙት በፍርሃቷ ነው፣ ከቤት መውጣት ባለመቻሏ ነው። ስለዚ "ተማሪውን ሚመስል ታሪክ" ሲባል ስሙን ልብሱን ሰፈሩን ይምሰል ሚለውን ብዙም አልቀበለውም፣ ስሜቱን ከመሰለ ይበቃኛል።

ሰኞ፣ ጽሑፍ መረጣ

እጄ ላይ ሁለት አጭር ልብወለድ አለ። አንደኛው ጠጥቶ ስለሚገባ አባት ነው፣ በጣም ጥሩ ተጽፏል፣ ሳነበው ራሴን ነክቶኛል፣ ግን ከክፍሉ አወጣሁት። እዛ ክፍል ውስጥ ቤቱ ምን እንደሚመስል በግምት ማውቀው ልጅ አለ። ታሪኩ ያን ያህል ከቀረበ ልጁ ታሪኩን አያነብም፣ ራሱ ነው በጓደኞቹ ፊት ሚነበበው። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ሚባሉ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ምሁር በ1990 በጻፉት ጽሑፍ መጽሐፍ ለልጅ መስታወትም መስኮትም ተከፋች በርም መሆን አለበት ብለዋል፣ ራሱን ሚያይበት፣ ሌላውን ሚያይበት፣ ገብቶ ሚወጣበት። መምህራን መስታወቱን ብቻ ይዘን ቀረን ባይ ነኝ። ለተቸገረ ልጅ ችግሩን መልሶ መስጠት እንደ እርዳታ ይቆጠራል፣ ልጁ ግን ችግሩን ያውቀዋል፣ ከኛ በላይ ያውቀዋል።

ሁለተኛው አንድ ሚጽፍ ጓደኛዬ ካልታተሙ ሥራዎቹ የሰጠኝ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አያትና የልጅ ልጅ ይኖራሉ፣ አባት ሩቅ አገር ነው፣ ደብዳቤ ይልካል። አያትየዋ ማንበብ አይችሉም፣ ያነብላቸው የነበረው ጎረቤት ለቆ ሄዷል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ "አንብቢልኝ" ይሏታል። እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም፣ ማንም ግን አያውቅባትም። ደብዳቤውን ትዘረጋና ከራሷ ፈጥራ "ታነባለች"፣ አያትየዋ ያለቅሳሉ ይስቃሉ ይመርቃሉ። ከዛ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፣ አያትየዋ ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ለሰሙት ነገር መልስ እየጠበቁ ነው። እዚ ላይ ነው ነገሩ ሚከርረው።

ይሄን ያመጣሁት በምክንያት ነው። ሁለቱ ወገኖች ሚጋሩት ሰፈር የለም፣ ሚደግፉት ቡድን እንኳን ይለያያል፣ አንድ ነገር ግን ሁሉም አላቸው፦ ማንበብ አለመቻልን መደበቅ። እሱን ለመደበቅ ሚያወጡት ጉልበት ለማንበብ ቢውል እኔ ሥራ አልነበረኝም።

ማክሰኞ፣ ቀይ እስክሪብቶ

ዛሬ ሙሉ ቀን ከቃላት ጋር ዋልኩ። ሁ እና ኔሽን ሚባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ባወጡት ጥናት አንድ ሰው ልብወለድ ያለ እርዳታ አንብቦ በደንብ እንዲገባው ከቃሎቹ ወደ 98 በመቶ ሚሆነውን ማወቅ አለበት ይላሉ። የነሱ ጥናት በሁለተኛ ቋንቋ ሚያነቡ ላይ ነው፣ ለኔ ልጆች ልክ ያው ቁጥር ይሠራል አልልም፣ ግን መለኪያ ይሆናል፦ ከ50 ቃል አንድ ማያውቁት ማለት ነው። 200 ቃል ባለው ገጽ አራት። ጓደኛዬ የጻፈው ላይ በአንዳንድ ገጽ አሥራ ምናምን አሰመርኩ፣ ያውም ቆንጆ ቆንጆዎቹን ቃላት። ደውዬ አስፈቀድኩት፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ "ይሄ ቃል ከወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይሞታል" አለኝ፣ ሁለቱን ቃል ለሱ ተውኩለት ሌላውን ቀየርን። ግማሽ ገጽ ሙሉ ነጥብ ሳይኖረው ሚሄድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፣ እሱን ቆራረጥነው (እኔ ራሴ እዚ እንዴት እየጻፍኩ እንደሆነ አይታችሁ አትሳቁ)።

ብዙ ጊዜ "ልጆቹ ማንበብ አይወዱም" ይባላል። ቀርበህ ስታይ ታሪኩን ሳይሆን ገጹን ነው የሸሹት። በያንዳንዱ መስመር ላይ እንቅፋት ሲመታህ ማን ይሄዳል፣ ቁጭ ትላለህ።

ረቡዕ፣ የመጀመሪያው ንባብ

እኔ አነበብኩ፣ እነሱ ሰሙ። ኮፒውን አልሰጠኋቸውም፣ ማንንም አልጠራሁም፣ "ዛሬ ማንም አይነሳም" ብዬ ነው የጀመርኩት። ይሄን ስል ትከሻቸው ሲወርድ ታያለህ። ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣበት ቦታ ላይ አቆምኩ።

አንድ ልጅ አለ በር በኩል፣ ሁሌ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነው ሚቀመጠው፣ የተኛ መስሎኝ ነበር። ቀና ሳይል "ትያዛለች" አለ።

ከመስኮት በኩል አንዷ፦ "ማን ይይዛታል? አያትየዋ አያነቡ!"

"አባትየው ይመጣል።"

"ቢመጣስ? የጻፈውን ያስታውሳል?"

"አንቺ የጻፍሽውን አታስታውሺም?"

"እኔ አልጽፍም።"

ሳቅ ሆነ፣ የሁለቱም ወገን ሳቅ። ከዛ ወዲያው አንዱ ስድብ ወረወረና ወደነበረበት ተመለስን። ግን በመተላለፊያው ላይ ከስድብ ሌላ ቃል ሲያልፍ ሰማሁ፣ ለዛሬ በቂ ነው።

ሐሙስ፣ የመደበቂያ ዘዴዎች

ዛሬ ኮፒ ሰጠሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ልጅቷ እንዳይታወቅባት ምን ምን አደረገች? ከጽሑፉ ፈልጋችሁ አሳዩኝ። አገኙ፦ ደብዳቤውን ለብርሃን ነው ብላ ወደ በሩ ወሰደችው፣ መሀል ላይ አሳላት፣ ስትጨርስ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ ማንም ደግሞ እንዳያየው። ሚያነቡት ለፈተና ስላልሆነ መሰለኝ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ሲፈልጉ ነበር፣ አንዳንዱ ሦስት ቃል ለማንበብ ረጅም ጊዜ ፈጀ፣ ማንም አልቸኮለም።

ቀጥዬ "ምከሯት፣ ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?" አልኳቸው። ይሄ ጥያቄ ላይ ነው ክፍሉ የፈነዳው።

"መነጽሬ ጠፋ ትበል።" "ድምጼ ተዘግቷል ትበል።" "ሽንት ቤት ትሂድ፣ ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር ትነሳ፣ አንድ ሰው ሲቀር ከሆነ ይነቃባታል።" (ይሄን ያህል የተጠና ነገር!) "ሰሌዳ ላጥፋ ብላ ትነሳ።" "አንቀጹን ትቁጠር፣ ሰባተኛ ከሆነች ሰባተኛውን ቀድማ ከጎኗ ያለችውን ታስነብብና በቃሏ ትያዘው።" ከዛ መስኮት በኩል ያለው፣ ሁሉም መምህር ስሙን ሚያውቀው ረባሹ ልጅ፣ ፈንጠር ብሎ እንደተቀመጠ "ቀላል ነው፣ መምህሩን ማናደድ። ያስወጣሻል። በቃ ተረፍሽ" አለ።

ትንሽ ዝም ተባለ። ከበር በኩል አንዱ "ለካ…" ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው፣ ሌላው ደርሶ "እኔ የሽንት ቤቱ ነኝ" አለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ "እኔ አንቀጽ ቆጣሪው" "እኔ ሳሏ" እያሉ ተከታተሉ። ማንንም "አንተስ?" ብዬ አልጠየቅኩም፣ ብጠይቅ ኖሮ አንድም አይናገርም ነበር። ምክሩ ለልጅቷ ስለሆነ ነው የወጣው። ይሄን እዚ ላሰምርበት፦ ጥያቄው ሁሌም ወደ ገጸ ባህሪዋ ይሂድ፣ ወደራሱ መመለስ ሚፈልግ ልጅ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። "ይሄ ታሪክ ካንተ ሕይወት ጋር እንዴት ይገናኛል" ሚለውን የተለመደ ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ከማስተማሪያዬ ሰርዣለሁ።

ሌላ ትንሽ ነገር። በተራ ማስነበብ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ከነሱ አፍ ሰማሁት፣ አንቀጽ እየቆጠረ ያለ ልጅ ሌላው ሚያነበውን አንድ ቃል አይሰማም። ስለዚ በተራ ማስነበብ ቀረ።

ሰኞ፣ ታሪኩን መቆራረጥ

ዛሬ ትልቁ ሥራ ነው። አብሮ ማስቀመጥ ብቻውን ሰው እንደማያስታርቅ ሙዛፈር ሸሪፍ ሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ አሳይቷል፣ 22 ወንድ ልጆችን ካምፕ ወስዶ ሁለት ቡድን አደረጋቸው፣ በውድድር ተጣሉ፣ ከዛ አብረው እንዲበሉ ፊልም እንዲያዩ ቢደረግ እዛም ተጣሉ፣ ምግብም ተወራወሩ። ጠቡ የረገበው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥ፣ መኪና ሲቆም፣ ማለትም አንዱ ወገን ብቻውን ማይወጣው ነገር በተደጋጋሚ ሲመጣ ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊየት አሮንሰን ደግሞ በ1971 ኦስቲን ቴክሳስ የነጭና የጥቁር ትምህርት ቤት መለየት ቀርቶ ልጆቹ ተቀላቅለው ሲጣሉ ያን መሰል ነገር ወደ ክፍል አመጣው፦ ትምህርቱን ቆራርጦ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ፣ ሙሉውን ለማወቅ የሌላውን መስማት ግድ ሆነ።

እኔም የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል፣ ገና ያልሰሙትን፣ አምስት ቦታ ቆረጥኩት። ግሩፑን እኔ ነኝ የመደብኩት፣ በያንዳንዱ ውስጥ ከሁለቱም ወገን። ማጉረምረም ነበር፣ አንዷ "ቲቸር እኔ ከሱ ጋር አልሆንም" አለች፣ "ከሱ ጋር አትሆኚም፣ እሱ ጋ ያለው ወረቀት ነው ሚያስፈልግሽ" አልኳት፣ ብዙም አላሳመናትም ግን ተቀመጠች።

አሠራሩ ላይ ለመምህራን ሚጠቅመው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ቁራጭ የያዙት ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፣ ያነባሉ፣ ይደጋግማሉ፣ ማይገባ ቃል ይጠያየቃሉ፣ ከዛ ነው ወደየግሩፓቸው ተመልሰው ሚናገሩት። ይሄ መሀል ያለው ደረጃ ለደካማ አንባቢ ሕይወት ነው። ሳሙኤልስ ሚባል ተመራማሪ በ1979 ስለ ድግግሞሽ ንባብ ሲጽፍ ከ50 እስከ 200 ቃል ያለውን አጭር ጽሑፍ እስኪቀል ድረስ ደጋግሞ ማንበብ ነው ያለው፣ ችግሩ ልጅን "ደግመህ አንብብ" ስትለው ቅጣት ይመስለዋል። እዚ ግን ምክንያት አለው፣ ግሩፑ ጋ ሄዶ እንዳያፍር ነው ሚደግመው።

ለየግሩፑ በጣም ደካማ አንባቢ በጣም አጭሩን ቁራጭ ሰጠሁ፣ ግን ምሥጢሩ ያለበትን። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ በእውነት ምን እንደተጻፈ ሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ ሚያደርገው ልጅ ይሄ ደርሶታል፣ የግሩፑ ንግግር እያለቀ ሲሄድ አራት ልጅ አንገቱን ወደሱ አስግጎ "እሺ ከዛስ፣ ምን ይላል?" ሲለው አየሁ። ወረቀቱን አላነበበም፣ በቃሉ ነው የነገራቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ሲጠራጠር ግን አጎንብሶ ከወረቀቱ አረጋገጠ። ማጎንበሷን ወደድኳት።

ያልሠራም አለ። አንድ ግሩፕ ውስጥ ጎበዟ ልጅ የሁሉንም ወረቀት ሰብስባ ራሷ ልታነብ ሞከረች፣ "ወረቀት አይቀያየርም፣ በአፍ ብቻ" ሚል ደንብ ወዲያው አወጣሁ። ሌላው ግሩፕ አንድ ልጅ ቀርቶበት ምሥጢሩ ጎደለባቸው፣ ከጎረቤት ግሩፕ ሄደው ለመኑ፣ ያ ግሩፕ ደግሞ ማሾፍ ጀመረ፣ "ምን ትሰጡናላችሁ" ምናምን። ስለዚ አንድ ትርፍ ኮፒ ሁሌም በኪስ።

ረቡዕ፣ ጭቅጭቅ

ጥያቄው፦ ልጅቷ ለአያቷ እውነቱን መናገር አለባት ወይስ የለባትም? መናገር አለባት ሚል ወደ ሰሌዳው፣ የለባትም ሚል ወደ ኋላ።

ወንበር ተጎተተ፣ ሁሉም ተነሳ፣ ሲቆሙ ሳያቸው የመስኮቱ ወገን ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የበሩም እንደዛው። በጣም ሚጠላሉ ሁለት ልጆች ኋላ ጎን ለጎን ቆመው እየተቀባበሉ ይከራከራሉ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርስለታል። ይሄን ሳይ ይሄ ሁሉ ሥራ ስለምን እንደሆነ ገባኝ። ልጆቹን ማስማማት አልነበረም ሚያስፈልገው፣ ሌላ ሚለያዩበት ነገር መስጠት ነው። የድሮው መስመር ሚደበዝዘው በላዩ ላይ ሌላ መስመር ሲያቋርጠው ነው። ስለዚ ለእንደዚ ዓይነት ክፍል መጨረሻው ላይ መልሱን አሽሞንሙኖ ሚሰጥ አስተማሪ ታሪክ አይሆንም፣ ጥሩዋ ልጅ ጥሩ ናት፣ መጥፎው ተቀጣ፣ አለቀ፣ ምኑን ይከራከሩበታል?

አንድ ደንብ ብቻ አለ፦ ሚናገር ሰው ሌላው "የት ላይ ነው?" ካለው መስመሩን ማሳየት አለበት። "አያትየዋ አውቀዋል፣ እያወቁ ነው ዝም ያሉት" አለ አንዱ። "የት ላይ ነው?" ጮኹበት። ገጽ ሲገለባበጥ ትሰማለህ፣ ሚያነቡት ያልታዘዙትን ነው። አገኘው፦ አያትየዋ "ዛሬ ደግሞ አባትሽ አነጋገሩ ያንቺን ይመስላል" ሚሉበት ቦታ አለ። ጓደኛዬ ይሄን መስመር ሲጽፍ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ልጆቹ ግን እንደ ማስረጃ ነው የያዙት፣ ከሰሌዳው በኩል የነበሩ የተወሰኑ ወደ ኋላ ተሻገሩ። እኔ ደግሞ ታሪኩን ስንቴ አንብቤ በዛ መስመር ላይ አልፌአለሁ።

ዓርብ

ግቢ ውስጥ ተደባደቡ፣ ከኔው ክፍል ሁለት ልጆች፣ ከታሪኩ ጋር ምንም ማይገናኝ ነገር፣ የድሮው ጸብ ነው። አንዱ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ልብወለድ ዘበኛ አይደለም፣ ከክፍል ሲወጡ ሚጠብቃቸው ነገር እዛው ነው ያለው። ሌላ ምጨምረው የለም።

ሰኞ፣ ኳስ

"ቲቸር ኳስ ያለበት የለም?" የረባሹ ልጅ ጥያቄ። ለማሾፍ ነው የጠየቀው ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። ሬክትና ሌስሊ በ1988 ያደረጉት ታዋቂ ሙከራ አለ፣ 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ፣ ጨዋታውን ሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በበለጠ ተረዱት። ማለትም "ደካማ አንባቢ" ሚባለው ልጅ ሚያውቀውን ነገር ስትሰጠው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ገጽ የጨዋታ ዘገባ አመጣሁ፣ መጨረሻው በፔናሊቲ ሚወሰን። ረባሹ ልጅ ለክፍሉ ጎበዝ አንባቢዎች ኦፍሳይድን ሰሌዳ ላይ እየሳለ አስረዳ፣ ጠመኔውን ሚይዘው ራሱ እንደ መምህር ነው፣ አንዷ "አልገባኝም" ስትለው ደግሞ ተናደደ፣ "ስሚ እንጂ! አትሰሚም እኮ!" አላት፣ የኔን ድምጽ ነው የቀዳው።

ንባቡ ተሳካ። ውይይቱ ግን አልነበረም፣ ማን አሸነፈ ከተባለ በኋላ ሚባል ነገር አለቀ። ስለዚ ያየሁት እንደዚ ነው፣ ሚያውቁት ነገር በሩን ይከፍትላቸዋል፣ ውስጥ ሚያቆያቸው ግን ሰው ነው፣ የከበደው ሰው። ፔናሊቲውን የሳተው ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን አለ ሚለው ዘገባው ላይ የለም። ይሄን ስነግራቸው "እኛ እንጻፈው" አሉ፣ ተይዟል፣ ቀጣይ።

ሐሙስ፣ ደብዳቤውን መጻፍ

በታሪኩ ውስጥ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ በእውነት ምን እንደተጻፈ መጨረሻ ድረስ አይነገርም። ዛሬ እያንዳንዱ ያን ደብዳቤ ይጻፍ አልኩ። ስም የለም፣ ርዝመት የለም፣ ማርክ የለም። እጅ ጽሑፍ ስለሚተዋወቁ ሁሉንም እኔ ታይፕ አድርጌ ፕሪንት እንደማደርግ ነገርኳቸው፣ ፊደል ግድፈቱን ብቻ አስተካክላለሁ ሌላ አልነካም።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ተናግሬአለሁ፣ እናንተም ብታደርጉት ቀድማችሁ ተናገሩ፦ አንድ ሰው እየተጎዳ እንደሆነ ሚያሳይ ነገር ካነበብኩ ለብቻዬ አልይዘውም፣ ለአማካሪዋ አሳውቃለሁ። ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት ቀላል ነው፣ ሳይሆን ሲቀር ግን ልጁ ሁለተኛ አይጽፍም። አንድ ደብዳቤ እንደዛ ነበር፣ ከክምሩ አወጣሁት፣ ከልጁ ጋር ተነጋግረን አብረን ሄድን፣ ከዚ በላይ እዚ አልጽፍም።

ሌሎቹ ግን… አንዱ አባት "ይቅርታ" ብቻ ነው የጻፈው፣ አንድ ቃል። አንዱ ሙሉውን ስለሚኖርበት ክፍል ቅዝቃዜ ጻፈ፣ ስለ ቤተሰቡ ምንም አልጠየቀም፣ ያ ዝምታ ራሱ ከብዶኛል። አንዱ ስለ ትምህርት ሁለት ገጽ ምክር ሰጠ፣ እኔን ለማስደሰት እንደሆነ ያስታውቃል፣ ክፍሉም አወቀበት።

ሁሉንም ያስደነገጠው አንድ አጭር ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦ "እናቴ ሆይ፣ ይሄን ደብዳቤ ሰው ነው የጻፈልኝ። እኔ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ። የነገርኩትን ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም። ሲያነቡልሽ እኔን ካልመሰለሽ አትመኚው።"

ክፍሉ ጮኸ። አባትየውም አይችልም! ታዲያ ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም ውሸታሟ፣ ጸሐፊውም ሊዋሽ ይችላል፣ ማንም ለማንም ምንም ሳይጽፍ ሁሉም ደብዳቤ ደርሶታል ማለት ነው! አንዷ ጭንቅላቷን ይዛ "ቆይ ቆይ ቆይ፣ ታዲያ እውነተኛው ደብዳቤ የቱ ነው?" ትላለች። የረቡዕ ዕለቱ ክርክር ከሥሩ ተገለበጠ፣ "መናገር አለባት" ሲሉ የነበሩት "ለማን ነው ምትናገረው፣ ሁሉም እኮ እንደሷ ነው" ማለት ጀመሩ። እኔ ወደ ጎን ቆሜ ሰሌዳ ላይ ሚሉትን ስጽፍ ነበር፣ ደወል ሲደወል የተነሳ አልነበረም፣ ቀጣዩ መምህር በሩ ላይ ቆመው እስኪያጉረመርሙ ድረስ።

ማን እንደጻፈው እኔ አውቃለሁ። ጠየቁኝ፣ አልነገርኩም። ጸሐፊው ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነበር፣ ጆሮው ግን ቀልቷል። ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ሳነብለት ረጅም ጊዜ ዝም አለና "ይሄን እኔ ነበርኩ መጻፍ የነበረብኝ" አለኝ፣ ቅናት ይሁን አድናቆት አልለየሁትም።

ማክሰኞ፣ እስካሁን ያለው

የተርሙ ፈተና ውጤት መጥቷል። በንባብ የዘለለ የለም፣ ትንሽ ከፍ ያሉ አሉ፣ እዛው ያሉም አሉ። ርዕሰ መምህሩ "ታዲያ ይሄ ታሪክ ምናምን ምን ጠቀመ" አሉኝ። ኪት ስታኖቪች ሚባል የንባብ ተመራማሪ በ1986 የማቴዎስ ውጤት ብሎ የጻፈውን ነው የነገርኳቸው፣ ላለው ይጨመርለታል ሚለውን፣ አንባቢው ስለሚያነብ ቃል ያበዛል፣ ቃል ስላበዛ ይቀለዋል፣ ስለቀለለው ያነባል፣ ማያነበው ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። እነዚ ልጆች ለዓመታት በተቃራኒው ሲሄዱ ነው የቆዩት፣ በአንድ ተርም ማርካቸው ላይ ሚታይ ነገር አልጠብቅም። ምጠብቀው ብዛት ነው፣ ምን ያህል ገጽ ያለ ትእዛዝ ተገለበጠ ሚለው። እሳቸው "እሱ አይለካም" አሉ። ልክ ናቸው፣ በቅጻቸው ላይ ቦታ የለውም።

የሌላ ሴክሽን መምህርት ጽሑፉን እንድሰጣት ጠየቀችኝ፣ ኮፒውን ሰጠኋት፣ ቃላቱን ለሷ ልጆች እንደገና እንድታሰምርበት ለመንኳት፣ የኔ ልጆች ማያውቁትና የሷ ልጆች ማያውቁት አንድ አይደለም። ደግሞ "እናንተስ ማንበብ ደብቃችሁ ታውቃላችሁ?" ብላ እንዳትጀምር፣ ይሄን ሁለት ጊዜ ነው የነገርኳት።

ያልፈታሁት አለ። አንድ ልጅ፣ መስኮት በኩል ሦስተኛው፣ እስካሁን ድምጹን አውጥቶ አላነበበም፣ በግሩፕም፣ ለብቻው ከኔ ጋርም። ክርክር ላይ ግን ማንም አይችለውም፣ "የት ላይ ነው?" ሲሉት ገጹን በጣቱ ያሳይና ሌላ ሰው እንዲያነበው ያደርጋል፣ ሁሌም ትክክለኛው መስመር ነው። ስለዚ ወይ ያነባል ወይ ገጹን በዓይኑ ሸምድዶታል። ከዓይን ወይ ከመናገር ጋር ሚገናኝ ነገር እንዳይሆን ምርመራ እንዲታይ ለወላጆቹ መልእክት ልኬአለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ቀጣዩ ጽሑፍ የፔናሊቲው ነው። ልጆቹ ራሳቸው ጀምረውታል፣ የሳተው ልጅ ቤት ገብቶ እህቱ "አሸነፋችሁ?" ትለዋለች፣ እዚ ላይ ቆሟል፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ አልተስማሙም። አንዱ ቡድን ይዋሽ ይላል። በሚቀጥለው ሰኞ በአምስት ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ፣ መልሱ ያለበትን ቁራጭ ግን ባዶ ነው ማደርገው፣ የደረሰው ይጻፈው።